አሥራ አንድ ባለሙያ ስላሳደገው የልጄ ቀኝ እጅ

ለክቡር ዶክተር ፕሬስተን ሄይዉድ
የኦልደን ቫሊ ኮሌጅ የስፖርት ዳይሬክተር
አዮዋ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንዲሆኑ ከልቤ እመኛለሁ። ባለፈው መስከረም የአዲሱን የልምምድ አዳራሽ ሪባን ሲቆርጡ በግራ እግርዎ ትንሽ ሲያነክሱ ስላየሁ፣ ጉልበትዎ ተሽሎዎት ይሆን እያልኩ ሳስብ ከርሜአለሁ፤ የሚያክምዎት ሐኪም አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን፣ እሱም ሕክምናውን ሳይጨርስ ወደ ተሻለ ሆስፒታል እንዳይዛወር እጸልያለሁ። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ስማቸውን ሁሉ ማስታወስ ለማልችል ምክትሎችዎ፣ ለምክትሎችዎ ረዳቶችና ለረዳቶቹ አስተባባሪዎች በሙሉ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

ማርሊስ ትቬት እባላለሁ። ከኮሌጅዎ በስተሰሜን በምትገኘው በሊንድ ግሮቭ ከባለቤቴ ከዴል ጋር በቆሎ እናመርታለን፣ አሳማ እናረባለን። እኔን ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ ልጄን ብሪታን ግን አይተዋታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ላለፉት አራት ዓመታት በሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድንዎ ውስጥ የነበረችው፣ ረጅሟ፣ ፀጉሯን በሁለት የምትጎነጉነው ናት። እኛ ለኮሌጅዎ ያስረከብነው መወርወር የምትችል ልጅ ነበር፤ ኮሌጅዎ መልሶ ያስረከበን ደግሞ ዲግሪ ያላት፣ ትሕትና የተሞላች፣ ኳስ ሲደርሳት የምትደነግጥ ሴት ነው። ለዚህ ሁሉ ድካም ሳላመሰግን ብቀር ነውር ስለሚሆንብኝ፣ ልጆቻቸውን ወደ እርስዎ ለመላክ የሚዘጋጁ ወላጆችም እንዲሰሙት በማሰብ፣ በአካባቢያችን ጋዜጣ በኩል የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው ማእድ ቤታችን ድረስ ስለላኩልን ተስፋ ነው።

ብሪታ መወርወር የተማረችው ዴል በትራክተር መጋዘናችን ግድግዳ ላይ በሰቀላት ቅርጫት ነው። መሬቱ ጠጠር ስለሆነ ኳስ ለማንጠር አይመችም፤ ስለዚህ ልጅቷ የነበራት አማራጭ በቆመችበት መወርወር ብቻ ነበር። ክርኗ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ኳሷ ከቀኝ ጆሮዋ ኋላ ትነሣለች፣ አንድ እግሯ ከሌላው ይቀድማል፤ ለሚያያት ሰው ድንጋይ ወርውራ ውሻ የምታባርር ነው የምትመስለው። ነገር ግን ይገባል። በነፋስ ይገባል፣ በጓንት ይገባል፣ አባቷ እራት ቀዘቀዘ ብሎ እየተቆጣት ይገባል። እኔ ራሴ በዚሁ በአዮዋ ልጅ ሆኜ ስጫወት የሴቶቹ ጨዋታ ስድስት ለስድስት ነበር፤ ሦስታችን እንከላከላለን፣ ሦስቱ ያጠቃሉ፣ የመሃሉን መስመር የሚሻገር የለም። እኔ ተከላካይ ነበርኩና በሕይወቴ በአንድም ጨዋታ ላይ ወደ ቅርጫት ወርውሬ አላውቅም፤ ደንቡ አይፈቅድልኝም ነበር። ልጄ ስትወረውር የዕቃ ማጠቢያውን ውኃ ከፍቼ በመስኮት አሻግሬ እያየሁ የምቀረው ለምን እንደነበረ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በዚያን ጊዜ ረዳት አሰልጣኝ የነበሩት ወይዘሮ ዳና ክሬብስ ልጃችንን ለማስኮብለል ከኮሌጅዎ ተልከው ቤታችን መጡ። ሩባርብ በሚባል ጎምዛዛ ተክል የጋገርኩትን ፓይ ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ። ዴል ነገር ማለባበስ ስለማይሆንለት፣ "ይሄን ክንዷን ታስተካክሉታላችሁ እንዴ?" ብሎ ጠየቃቸው። ወይዘሮ ክሬብስ ሳቁና፣ "አቶ ትቬት፣ አስቀያሚ ነው፤ ግን ይገባል። የሚገባ ነገር ማን ይነካል? እኔ እዚያ እስካለሁ ድረስ ማንም እጇን አይነካትም" አሉ። ብሪታ ያን ቀን ለኮሌጅዎ ለመጫወት ፈረመች።

ወይዘሮ ክሬብስ ቃላቸውን ጠብቀዋል። እዚያ እስካሉ ድረስ ማንም አልነካትም። ብሪታ ሻንጣዋን ይዛ መኝታ ክፍሏ በገባችበት ቀን ግን ወይዘሮ ክሬብስ ወደ ትልቅ ኮሌጅ ከተዛወሩ ሳምንት አልፏቸው ነበር፤ ልጄም ወሬውን የሰማችው እንደ ማንኛውም ሰው ከስልኳ ላይ ነው።

2ኛ. በእርሳቸው ቦታ አንድ ሰው ሳይሆን እጅግ ብዙ ሰው ስለተኩልን አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያው ተተኪ ረዳት አሰልጣኝ ክርኗን አስገቡላት። የሁለተኛው ዓመት ረዳት አሰልጣኝ ክርኗን ትተው እግሯን አስተካከሉ፤ ይህንንም ያደረጉት በቪዲዮ ላይ ቀይ መስመር እያሰመሩ ስለሆነ በጣም ዘመናዊ ነበር። ሦስተኛዋ ሲመጡ ልጄ ስትወረውር አይተው በድንጋጤ፣ "ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያስተማረሽ?" አሏት። ብሪታም በሙሉ ትሕትና፣ "ከእርስዎ በፊት በዚሁ ወንበር ላይ የነበሩት ሰው" ብላ መለሰች። ታዛዥ አድርገን ስላሳደግናት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ትንሽ እልኸኛ ብትሆን ኖሮ የባለሙያዎችዎን ምክር ሁሉ በአንድ አካል ላይ ለመሸከም ባልሞከረች ነበር።

በዚህ ላይ የጥንካሬ አሰልጣኙ ከረጃጅሞቹ ጋር እንድትጋፋ ክብደት ጨምሪ ሲሏት፣ የአመጋገብ ባለሙያዋ ደግሞ በፍጥነት እንድትሮጥ ክብደት ቀንሺ ይሏት ነበር። ቢሯቸው በር ለበር ነው። አንድ እሑድ በስልክ፣ "ታዲያ የማንን ትሰሚያለሽ?" አልኳት።

"ጠዋት የእሳቸውን፣ ከሰዓት በኋላ የእሷን።"

"ሌላ ኮሌጅ ብትሄጂስ?"

"እማዬ፣ ጓደኞቼን ጥዬ የት ልሂድ? ደግሞ አዲሷ አሰልጣኝ ዘንድሮ ያንቺ ዓመት ነው ብላኛለች።"

ያ "ዘንድሮ" በየዓመቱ መስከረም ላይ እየመጣ በየዓመቱ ገና ሳይደርስ ይሄድ ነበር። ልጄ በመጀመሪያው ዓመት ከወንበር እየተነሣች ስትገባ፣ ከማዕዘን ስትወረውር፣ ሕዝቡ ስሟን ሲጠራ ሰምቻለሁ። በሦስተኛው ዓመት ኳስ ሲመጣላት ቶሎ ለሌላ ማቀበል ጀምራ ነበር። ጋዜጣው ይህንን "ራስ ወዳድነት የሌለው ጨዋታ" ብሎ አመሰገነው፤ እኔም ቆርጬ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት፣ ከዚያ አነበብኩትና መልሼ አነሣሁት።

3ኛ. "የተጫዋቾች ዕድገት ዳይሬክተር" የሚባል ሰው እንዳለ ስሰማ የተሰማኝን ደስታ ልደብቅዎ አልችልም። በመጨረሻ ባለቤቱ ተገኘ ብዬ ከአንድ ጨዋታ በኋላ ኮሪደር ላይ አግኝቻቸው ስለ እጇ ጠየቅኋቸው።

እሳቸውም እጅግ በጨዋ አነጋገር፣ "ወይዘሮ ትቬት፣ እኔ እኮ ሜዳ ላይ ገብቼ ማሠልጠን በደንቡ አይፈቀድልኝም። የእኔ ድርሻ ከሜዳ ውጭ ያለው ዕድገቷ ነው" አሉኝ።

"ከሜዳ ውጭ ምኗ ነው የሚያድገው?"

"በራስ መተማመኗ።"

"እሱ እኮ የጠፋት ሜዳ ውስጥ ነው" አልኳቸው።

"በጣም ግሩም አባባል ነው" ብለው አመስግነውኝ፣ እጄን ጨብጠውኝ፣ ወደ ስብሰባ ሄዱ። በእውነት ጥሩ ሰው ናቸው። አንድ ነገር እንዲሠሩ ቢፈቀድላቸው ኖሮ ይሠሩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

4ኛ. ዋና አሰልጣኟን በተመለከተ ምንም ቅሬታ የለኝም። በአራት ዓመት ውስጥ ልጄን ለብቻዋ ያነጋገሯት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ስለሆነ ለማጥፋት የሚበቃ ጊዜ አላገኙም። ስለ ውርወራዋ በጠየቀቻቸው ቁጥር "ረዳቴን አነጋግሪ" ይሏት ነበር፤ የትኛው ረዳት የሚለው ደግሞ የወቅቱ ሁኔታ የሚወስነው ጉዳይ ነበር።

5ኛ. ቢሮዎ ድረስ በመጣሁ ጊዜ ስላደረጉልኝ አቀባበል አመሰግናለሁ። ውኃ አስመጡልኝ፣ የኮሌጁ ስም የተጻፈበት ኮፍያ ሰጡኝ፣ እኛ እዚህ አንድ ቤተሰብ ነን አሉኝ። ከዚያም ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቡድኑን መዋቅር ሠንጠረዥ በብዕርዎ እያመለከቱ፣ "ወይዘሮ ትቬት፣ በእያንዳንዷ ተጫዋች ዙሪያ አሥራ አንድ ባለሙያ አሰልፈናል። በእኛ ሊግ ይህን ያደረገ የለም" አሉኝ። ሠንጠረዡ በእርግጥ ያምር ነበር፤ ሣጥኖቹ ሰማያዊ፣ መስመሮቹ ወርቃማ ናቸው። ሣጥኖቹን ሁሉ በዓይኔ ዞርኳቸውና፣ ተጫዋች የሚል ሣጥን ስላጣሁ ግራ ገባኝ።

"ከእነዚህ ውስጥ የብሪታ እጅ የማን ኃላፊነት ነው?" ብዬ ጠየቅኩዎ።

ክቡርነትዎ ሠንጠረዡን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። እኔም አብሬዎ ተመለከትኩ። በመጨረሻ፣ "ይህ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው" አሉኝ። በኦልደን ቫሊ ጥሩ ነገር ተናግሬ የተመሰገንኩት ይህ ሁለተኛዬ ስለሆነ፣ ኮፍያዬን አድርጌ ወጣሁ። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሞተሩን ሳላስነሣ ቆየሁ። ማን ጋ እንደምሄድ ባውቅ እሄድ ነበር። የምጮህበት ሰው ቢኖር እጮህ ነበር፤ ነገር ግን ያገኘኋቸው ሁሉ ደጎች ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በተራ ቁጥር ላስቀምጠው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ እንደሆነው እነግርዎታለሁ።

ነገሩ የሆነው በዘንድሮው የሊጉ ጥሎ ማለፍ፣ በረዶው ገና ከመንገድ ዳር ሳይቀልጥ፣ በእርስዎው አዳራሽ በተደረገው ጨዋታ ነው። የብሪታ የመጨረሻ ዓመት ስለነበረ የተሸነፉ እንደሆነ ከዚያ ወዲያ ጨዋታ የላትም። ክቡርነትዎ ከእኛ ፊት ለፊት በክብር መቀመጫው ላይ ስለነበሩ አይተውት ይሆናል፤ ምናልባት በዚያች ቅጽበት ስልክ እያነጋገሩ ካልነበሩ። ቡድንዎ በአንድ ነጥብ እየተመራ ጥቂት ሰከንድ ሲቀር፣ በትንሿ አቀባያችን ላይ ሁለት ሰው ተረባረበባትና ኳሷን ወደ ማዕዘኑ ላከቻት። ማዕዘኑ ላይ ብሪታ ብቻዋን ቆማለች። አጠገቧ አንድም ተከላካይ አልነበረም፤ ምክንያቱም የተቃራኒው ቡድን አሰልጣኝ ከጨዋታው መጀመሪያ አንሥቶ፣ "እሷን ተዉአት! አትወረውርም!" እያሉ ይጮኹ ነበር። ርቀቱ ከመጋዘናችን ፊት ለፊት ሆና እያወራች ታስገባ ከነበረበት ርቀት የቀረበ ነው።

ልጄ ኳሷን ያዘች። ከዚያ ግን ወደ ቅርጫቱ ሳይሆን ወደ አሰልጣኞቹ ወንበር ዞረች።

ወንበሩ ላይ የነበሩት ባለሙያዎችዎ ሁሉ ብድግ ብለዋል። "ወርውሪ!" ይላል አንዱ። "ክርን! ክርን!" ይላል ሌላው። "እግርሽን!" "መልሰሽ አቀብዪ!" "ተንፍሺ!" ይህ የመጨረሻው የተጫዋቾች ዕድገት ዳይሬክተሩ ድምፅ ነበር፤ መተንፈስ በደንቡ አልተከለከለም መሰለኝ። የልጄ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ከተቀመጥኩበት ሆኜ ይታየኛል። እኔም ተነሣሁ፤ "እንደ ለመድሽው አድርጊው!" ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አሥራ ሁለተኛዋ ልሆንባት መሆኑ ገባኝና አፌን ዘጋሁ። ልክ አድርጌ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብጮህ ትሰማኝ ነበር ይሆን፣ ወይስ አንድ ተጨማሪ ጩኸት እሆንባት ነበር፣ ይህን የሚነግረኝ ባለሙያ በሠንጠረዡ ላይ አላየሁም።

የማብቂያው ደወል ሲጮህ ኳሷ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ተጣብቃ ነበር።

ከኋላችን የተቀመጠ አንድ ሰውዬ፣ "ምን ነካት ይህቺ ልጅ? ተኝታለች እንዴ?" አለ። ዴል በአደባባይ ከሰው ጋር ተነጋግሮ የማያውቅ ሰው ነው። ዞር አለና፣ "አራት ዓመት ሙሉ አሠልጥነዋት ነው" አለው።

ያን ምሽት ከእኛ ጋር ቤት አደረች። መኪናው ውስጥ ከኋላ ወንበር ሆና፣ "እማዬ፣ ኳሷ ስትደርሰኝ እኮ ልወረውር ነበር። እጄን አነሣሁት፤ ከዚያ የማን እጅ እንደሆነ ጠፋኝ" አለች።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ልጅ ያሳደግኩ ሴት ነኝ፤ ለትኩሳትም፣ ለፍርሃትም፣ ከጓደኛ ጋር ለመጣላትም የምለው ነገር ነበረኝ። ለዚህ ግን ያገኘሁት እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ እጇን መያዝ ብቻ ነበር። ዴል በመስተዋቱ አየት አደረጋትና፣ "ርቦሻል?" አላት።

"አልራበኝም።"

"እኔም" አለና፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ከጨዋታ በኋላ ሳንቆምበት አልፈነው የማናውቀውን የሃምበርገር ቤት አልፎት ሄደ።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ምረቃው ሊደርስ ሲል፣ ዋና አሰልጣኟ ብሪታን ቢሯቸው ጠሩ። ለመሰናበት መስሏት ሄደች። እሳቸው ግን ቡድኑ እንደ እሷ ያለ ትሑት ሰው እንደሚያስፈልገው፣ ከመጪው ዓመት ጀምሮም "የተጫዋቾች ዕድገት ረዳት አስተባባሪ" ሆና እንድትቀጠር በእርስዎ በኩል እንደተፈቀደ ነገሯት። ይህንን በስልክ ስትነግረኝ የያዝኩትን ሳህን ከነምግቡ አስቀመጥኩ።

"አብደሻል? እሺ አልሻቸው?"

"እሺ አልኳቸው።"

"ብሪታ!"

"ቆይ ስሚኝ እማዬ። በመስከረም አንዲት ልጅ ከዱቡክ ከተማ ትመጣለች። ስትወረውር አይቻታለሁ። እንደኔ ነው፤ ያስጠላል። ግን ይገባል።"

"እና አንቺ ምን ልታደርጊላት ነው? ሜዳ እንኳ አያስገቡሽም እኮ! ሥራሽ አውቶቡስ መጥራትና ሳንድዊች ማዘዝ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ወደ ልምምድ ስትገባ በሩ ላይ ቆሜ አትስሚያቸው እላታለሁ።"

ከዚያ በኋላ ብዙ ተከራከርኳት። ወደ ቤት እንድትመጣ፣ በከተማችን ትምህርት ቤት እንድታስተምር፣ ጨርሶ ቅርጫት ኳስ የሌለበት አገር እንድትሄድ ለመንኳት። አልሰማችኝም። ለአሥራ አንድ ሰው ስትታዘዝ የኖረች ልጅ እምቢ ማለትን የጀመረችው በእኔ ነው፤ ሳዝን በዚያው ኩራት ቢጤ ተሰማኝ፣ ስኮራ ደግሞ መልሼ አዘንኩ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ይህን ያህል ካነበቡ፣ ምን ፈልጌ እንደጻፍኩልዎ መጠየቅዎ አይቀርም። እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። የልጄን እጅ መልሱልኝ እንዳልል፣ ከቢሮዎቹ በየትኛው እንዳለ አላውቅም። ጥፋተኛው ይቀጣልኝ እንዳልል፣ እያንዳንዱ ያጠፋው ጥቂት ጥቂት ስለሆነ ለቅጣት አይበቃም፤ ደግሞም አብዛኞቹ አድገው ወደ ሌላ ቦታ ሄደዋል። በዚህ በኩል የኮሌጅዎ የዕድገት ፕሮግራም ውጤታማ መሆኑን ሳልመሰክር አላልፍም፤ ብሪታ አጠገብ ቆሞ ያላደገ ሰው አላየሁም፣ ከእሷ በቀር።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። የዱቡኳ ልጅ እናት በመጪው ዓመት ቢሮዎ መጥታ ያንኑ ጥያቄ የጠየቀችዎ እንደሆነ፣ እባክዎ ጥሩ ጥያቄ ነው አይበሏት። አላውቅም ይበሏት። ቢያንስ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ነገሩ ያልገባኝ እኔ እሆን ወይ እያለች ራሷን አትጠራጠርም።

ለአዲሱ አዳራሽ ግርማ፣ ለሠንጠረዡ ውበት፣ ለኮፍያው ጥራትና ባለሙያዎችዎን ሁሉ በእኩል ደረጃ ከኃላፊነት ነፃ አድርጎ ለሚያኖረው አመራርዎ ያለኝን የማይለካ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ሣጥኖችዎም እንዲበዙልዎ የምመኝ፣

የአንዲት ተጫዋች እናትና በቅርቡ ደግሞ የአንዲት ሠራተኛዎ እናት፣

ማርሊስ ትቬት
ሊንድ ግሮቭ፣ አዮዋ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ ልጄን እንጀራዋን እንዳያሳጣት ስለፈራሁ፣ ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት በስልክ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። መጨረሻው ድረስ ሰማችኝ፤ እኔም እንዳትቆጣ ብዬ፣ ቅደጂው ካልሽኝ እቀደዋለሁ አልኳት። "ተዪ እማዬ፣ ላኪው፤ ምንም አይመጣም" አለችኝ፤ "ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ገና አልቀጠሩም።"